ሁለት ሰው በሌለበት

ሸዋሮቢት፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ንግሥት፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከሙቀቱና ከትንኙ በቀር የጎዳኝ የለም። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። ስልኩ እንደጠፋ ነው፤ ደብዳቤውም ኡበይድ ሚኒባሱን ይዞ አዲስ አበባ እስኪወጣ መጠበቅ ነበረበት።

ስልጠናውን በአንድ ቀን ስለመጨረስ የጻፉልኝን አነበብኩ። አይሆንም እትዬ። ወደ ክረምት ካምፓችን የሚመጡት ልጆች ከአጣዬና ከካራቆሬ ቤታቸው ተቃጥሎ የተሰደዱ፣ አባት ወይም እናት የሞተባቸው፣ ዘመድ ቤት ተጠግተው የሚያድጉ ናቸው። ጠያቂ የሌለውን ልጅ ማን እንደሚፈልገው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ታዲያ እነዚህን ልጆች የሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች በአንድ ከሰዓት በኋላ ምን ይማራሉ? ስማቸውን ሳላጠና ነው የሚመሸው።

በመጀመሪያው ቀን ሱፍዋን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሁን ማለት የፈረንጅ ሕግ ነው። እኛ አገር ልጅ የሁሉም ነው» አለ። አጨበጨቡለት። «ጥሩ፤ የሁሉም የሆነ ልጅ ሲጎዳ ማን ይጠየቃል?» አልኩት። ጭብጨባው ቆመ። እስከ ምሳ ሰዓት ሲያጉረመርም ቆየ፤ ከምሳ በኋላ ግን ከሁሉም በላይ የሚጠይቀው እሱ ሆነ።

ልጅ ምስጢር ሲነግራቸው እንዴት እንደሚያደምጡም ተለማመድን። አንዷ ልጅ ትሆናለች፣ ሌላዋ አድማጭ። ዮርዳኖስ የምትባለው፣ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፣ «ማን ነው? የት ነው? ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» እያለች ልምምዱን ምርመራ አደረገችው። «አንቺ ፖሊስ አይደለሽም፤ አፍሽን ዝጊና ስሚ» ብዬ ተቆጣኋት። አለቀሰች። በስድስተኛው ቀን ግን ከእሷ የተሻለ አድማጭ አልነበረንም። አንድ ቀን ቢሆን ኖሮ በማልቀሷ ላይ ነበር የምንለያየው።

አንድ ነገር ደግሞ ከእኔ አፍ ይስሙ። ግቢውንና ፍራሹን የሰጡን የሆቴሉ ባለቤት አቶ ይልማ ዓርብ ዕለት መኪና ይዘው መጡ። አንዲት ልጅ ገበያ ወስጄ ጫማ ልግዛላት አሉ፤ ብቻቸውን። «እናቷ ከፈቀደች፣ ከእኛ ሁለት ሰው አብሮ ይሄዳል። ወይም ጫማውን እዚህ ያምጡላት» አልኳቸው። ሳቁ። «እኔን ነው የምትጠራጠሪው?» አሉ። «ማንንም አልጠረጠርኩም፤ ደንቡ ለእኔም ነው» አልኩ። ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ይህ ወሬ ከደብዳቤዬ ቀድሞ አዲስ አበባ እንደሚደርስ አውቃለሁ።

ልጅዎ ፈትያ

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፈትያ፤

እንደምን አለሽ? እግዚአብሔር ይመስገን እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን ክረምቱን አልወደደውም። ለትንኙ አጎበርሽን አትርሺ።

አዎ፣ ወሬው ቀድሞሻል። አቶ ይልማ ራሱ ቢሮ ድረስ መጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ፈትያ፣ ይህን ሰው ለብዙ ዓመት አውቀዋለሁ። አጣዬ በተቃጠለችበት ጊዜ ሆቴሉን ለተፈናቃይ የከፈተ ሰው ነው። በሰልጣኞችሽ ፊት፣ በልጆች ፊት፣ እንደ ሌባ ከበር መለስሽው አለኝ።

ለመሆኑ ምን አደረገ? ያየሽው ነገር አለ? የሰማሽው አለ? ካለ ንገሪኝና እኔ ራሴ እመጣለሁ። ከሌለ ግን ሽበት ያለው ሰው ማዋረድ ነውር ነው። ደንቡን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ደንብ ግን ሰው እያየ ነው። አንቺ ስትቆጪ ቃልሽ እንደ ሚጥሚጣ ነው፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ።

ሁለት መስመር ጻፊለት። «በአነጋገሬ አጥፍቻለሁ» በይው፣ ይበቃዋል። ግቢው የእሱ፣ ፍራሹ የእሱ፤ ነሐሴ ሳይጋመስ ልጆቹን ሜዳ ላይ እንዳታስቀሪብኝ።

እናትሽን ሰላም በያት።

ንግሥት

ሸዋሮቢት፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ንግሥት፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እናቴ ሰላምታዎ ደርሷታል።

«ምን አደረገ?» ብለው ጠየቁኝ። ምንም። ያየሁት የለም፣ የሰማሁት የለም። ጥያቄው ግን አንጀቴን አቃጠለው። ደንቡ የተሠራው ይህ ጥያቄ እንዳይመጣ አልነበረም? ስለ አንድ ሰው «ምን አደረገ?» ብለን የምንጠይቅበት ቀን፣ ለአንድ ልጅ የዘገየንበት ቀን ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ የጻፉልን እርስዎ ነበሩ፤ እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ገለበጥኩ። ለካ ግቢና ፍራሽ ያለው ሰው ሲመጣ የሚጠፋ ጽሑፍ ኖሯል።

ሰው አዋረድሽ አሉኝ። ሱፍዋንን ሳልፈቅድለት ልጅ ይዞ ከበር ሲወጣ መልሼዋለሁ፤ አልተዋረደም። ራሴ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ጤና ጣቢያ ስወስድ ዮርዳኖስን አስከትያለሁ፤ አልተዋረድኩም። የሚዋረደው አንድ ሰው ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

ከተማው ምን እንደሚል ልንገርዎ። «እሷ እስላም ስለሆነች ነው፣ ክርስቲያን በጎ ሲሠራ ዓይኗ ይቀላል» ይላሉ ሆቴሉ በረንዳ ላይ። በማግስቱ ደግሞ አጎቴ ሀጂ ሳልህ ከካራቆሬ ድረስ መጡ፤ ይደግፉኛል ብዬ ደስ አለኝ። «ፈትያ፣ ሰውየው ለመስጊዳችንም ቆርቆሮ የሰጠ ነው፤ ሱብሃነላህ፣ ተይው» አሉኝ። በዚህ አገር በስንት ነገር የማይስማሙ ሰዎች፣ እኔ አፌን እንድይዝ ግን ተስማምተዋል።

አቶ ይልማ እኔ በሌለሁበት ሰዓት በጓሮ በኩል እየመጡ በአጥር ላይ ለልጆቹ ብስኩት ያድላሉ። «ለዚያች ሴትዮ እንዳትነግሩ» ይሏቸዋል። ይህን የነገረን አንድ ልጅ ነው፤ ብስኩቱን ይዞ መጥቶ። ትልቅ ሰው ልጅን ምስጢር ሲያስጠብቅ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አላስረዳም።

ሁለቱን መስመር አልጽፍም።

ፈትያ

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈትያ፤

ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤሽን ለማኅበራችን ቦርድ አቀረብኩ። ሰብሳቢያችን አቶ ንጉሤ ብዙ ተናገሩ፤ ሌሎቹም ተናገሩ። ውሳኔው እንዲህ ሆኗል፦ ካምፑን ለሳሙኤል ታስረክቢያለሽ፣ እስከ ክረምቱ መጨረሻም እረፍት ትወስጃለሽ። ሳሙኤል ከነገ ወዲያ ይደርሳል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ይወደዋል።

እኔ በስብሰባው ላይ ምን እንዳልኩ አትጠይቂኝ።

የብስኩቱን ነገር አንስቻለሁ። «ብስኩት ማደል ከመቼ ወዲህ ወንጀል ሆነ?» ተብሎ ተሳቀ።

ንግሥት

አጣዬ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ንግሥት፤

ኡበይድ ያመጣልኝ፣ «አኩርፈሻል ወይ?» ያሉበት ማስታወሻዎ ደርሶኛል። አላኮረፍኩም። የሚያኮርፍ ሰው አባብሉኝ ማለቱ ነው፤ እኔ ማንም እንዲያባብለኝ አልፈልግም። እናቴ ቤት ነኝ። ግድግዳውን እያስለሰንን ነው፤ ጥላሸቱ ከስር አሁንም ይወጣል።

ሳሙኤልን አገኘሁት። ጨዋ ነው፣ አልዋሹም። ቁልፉን ሰጠሁት፣ ልጆቹን አንድ በአንድ አስተዋወቅሁት። ማን ሌሊት እንደሚባንን፣ ማን ኦሮምኛ ካልሆነ እንደማይገባው፣ ማን ሰው ከኋላው ሲመጣ እንደሚጮኽ ነገርኩት። «ስልጠናውን ወስደሃል?» አልኩት። «ያነበብኩት ነገር አለ። ያን ያህል አይከብድም» አለኝ።

አንድ ነገር ለመንኩት፤ እኔ ሰው ለምኜ አውቃለሁ? አላውቅም። «ማንም ይሁን ማን፣ ብቻውን ልጅ ይዞ እንዳይወጣ» አልኩት። ፈገግ አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

በጎ ፈቃደኞቹ አለቀሱ። ሱፍዋን «እኛም እንውጣ» ሲል ጮህኩበት። «እኔን ብላችሁ ከመጣችሁ ውጡ፤ ልጆቹን ብላችሁ ከመጣችሁ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ እንዳትሉ» አልኳቸው።

ቀሩ።

ፈትያ

አጣዬ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ንግሥት፤

ሱፍዋን በባጃጅና በእግር እዚህ ድረስ መጥቶ የነገረኝን ነው የምጽፍልዎ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጽፈው።

ሱፍዋን በር ላይ ነበር። ይልማ መኪናውን አቁሞ ያቺኑ ጫማ ልግዛላት ያላትን ልጅ አስጠራት። ሱፍዋን «ሁለተኛ ሰው ልጥራና አብረን እንሄዳለን» አለው። ይልማ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ። ሳሙኤል ከክፍሉ ወጣ።

«ክፈትላቸው» አለው።

«ሁለት ሰው ሳይኖር አልከፍትም።»

«የግቢው ባለቤት እኮ ናቸው!»

«የልጅቱ ባለቤት አይደሉም» አለ ሱፍዋን። ሳሙኤል መቀርቀሪያውን ራሱ ሳበ። ሱፍዋን መኪናው ፊት ቆመ፤ ሳሙኤል ክንዱን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው። ቦርዱ ያስተዳድር ብሎ የላከው ሰው ያደረገው አንድ ትልቅ ሥራ ይህ ነው።

ልጅቱ ከመምሸቱ በፊት ተመለሰች። አዲስ ጫማ አድርጋለች። ራት አልበላችም። በማግስቱ ዮርዳኖስ አጎበር ስታጥፍ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች፤ አንዱን ጫፍ ያዘችላት። ከዚያ ነገረቻት።

የነገረቻትን እዚህ አልጽፍም። የእሷ ነው።

ዮርዳኖስ አልጠየቀቻትም። አጎበሩን እንኳ ከእጇ አልጣለችም። ስትጨርስ «አምንሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ይህን ለብቻዬ አልይዘውም፤ የሚረዱሽ ሰዎች ጋ አብረን እንሄዳለን» አለቻት። ሌላዋን በጎ ፈቃደኛ ናፊሳን ጠራች፤ ሱፍዋን እናቲቱን ሊያመጣ ማሾ ወደምታርምበት ማሳ ሮጠ። ሳሙኤል ፊቱ አመድ መስሎ «ቆይ፣ እስቲ መጀመሪያ አዲስ አበባን እንጠይቅ» አላቸው።

«ጠይቅ፤ እኛ ሄደናል» አለችው ዮርዳኖስ።

ከእናቲቱ ጋር ጤና ጣቢያ ሄዱ፣ ከዚያ ፖሊስ። ይልማ በዚያው ቀን ተያዘ። ልጅቱ እናቷ ጋ ናት። እንዴት ናት ብለው አይጠይቁኝ። የምትመልሱላት ነገር ያለ ይመስል፣ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ እንዴት ናት አትበሉኝ!

ለልጅቱ ስም አልሰጠሁም፤ እርስዎም በቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ስሟን እንዳያነሱ።

ነገ ወደ ካምፑ እመለሳለሁ። ቦርዱን አላስፈቅድም።

ፈትያ

አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈትያ፤

ምን ብዬ ሰላም ልበልሽ?

ደብዳቤሽን ስብሰባ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ንጉሤ መነጽሩን አውልቆ «የሰውየውንም ቃል መስማት አለብን፤ የማኅበሩም ስም አለ» አለ። የውኃውን ጠርሙስ አንስቼ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። እኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ሳሙኤል ተሰናብቷል። ንጉሤ ሰብሳቢነቱን ለቋል፤ ለጤናዬ ስል ነው ብሎ ጽፏል።

አትጠይቂኝ ያልኩሽን ልንገርሽ። አንቺ ትውጣ በተባለ ጊዜ እጄን አውጥቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ካምፑ እንዳይዘጋ ብዬ ነው አልኩ፤ ለራሴም እንደዚያው ነግሬ ተኛሁ።

ለፖሊስ ቃሌን እሰጣለሁ፤ አንቺን ያስወጣውን ትእዛዝ የፈረምኩት እኔ ነኝና። እናቲቱን ግን ፊት ለፊት ላያት እፈልጋለሁ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ቄስና አንድ ሼህ፣ ይዤ ልምጣና እግሯ ላይ ልውደቅ። ፈቃድሽን እለምናለሁ።

ንግሥት

ሸዋሮቢት፣ ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ንግሥት፤

አልፈቅድም።

ሽማግሌ አሉ? ቀድመውዎታል። የይልማ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከውባታል፤ ካባ የለበሱ፣ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ሁሉም ዓይነት። «ለልጅሽ ክብር ሲባል ነገሩ በእርቅ ይለቅ» አሏት። እናቲቱ እርጥብ ጭቃ የለበሰ መኮትኮቻዋን እንደያዘች ቆማ «ልጄ የጠፋ በሬ አይደለችም፣ በካሳ የምታስታርቁኝ። ከደጄ ሂዱልኝ» አለቻቸው። አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባ ሌሎች ሽማግሌዎች ይውረዱባት? እርስዎ እግሯ ላይ ሲወድቁ፣ እሷ ተነሽ ማለት ይኖርባታል። ሸክሟ አልበቃ ብሎ የእርስዎን ጸጸት ትሸከም? አያሳዝንዎትም?

ፍራሹን የይልማ ሰዎች መጥተው ጭነው ወስደውታል። ልጆቹ በሰሌን ይተኛሉ። ሰሌኑን ያመጡት እነዚያው ይሰድቡኝ የነበሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ እያመሰገንኩ ተቀበልኩ፣ ውስጤ ግን አልበረደም። «ፈትያ፣ ለካ ልክ ነበርሽ» ይሉኛል። ልክ መሆኔን ማን ጠየቃቸው? ልክ ባልሆን ምንኛ በወደድኩ!

ዮርዳኖስን ከሆቴሉ አባረዋታል። «ያጎረሰሽን እጅ ነከስሽ» ብለዋታል። በመንገድ ላይ ምራቅ የተፋባት ሰው አለ። በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ካምፑ መጣች። ቁጣዋ ከእኔ ይበልጣል፤ ድምፅ ግን የለውም። ማኅበሩ በአሰልጣኝነት ካልቀጠራት እኔም አልቀጥልም፤ ይህ ልመና አይደለም።

መምጣት ከፈለጉ መንገዱ አንድ ነው። በጥቅምት ዮርዳኖስ አዲስ ሰልጣኞችን ማሰልጠን ትጀምራለች። ስድስቱንም ቀን እንደማንኛውም ሰው ይቀመጡ። ከዚያ በፊት ልጆች ባሉበት ግቢ አይገቡም። እኔ አልኖርም፤ በማጀቴ ሌላ ካምፕ እየከፈትኩ ነው። እዚያም «በአንድ ቀን አያልቅም ወይ?» የሚል ሰው ቀድሞ ጠብቆኛል።

ፈትያ

ሸዋሮቢት፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለፈትያ፣ ማጀቴ፤

እንደምን አለሽ? መልስ ትጽፊልኛለሽ ብዬ አይደለም።

ስለ ክሱ የጠየቅሽው፦ ዋስትናው ተከልክሏል። ምስክር ይሰማል፤ ቃሌን ሰጥቼ ፈርሜአለሁ፣ ቀጠሮውም ላይ እገኛለሁ። የይልማ ጠበቃ ስለ እኔ «ሴትዮዋ በዓይኗ ምን አየች?» ማለት ጀምሯል። ያኔ አንቺን ስጠይቅሽ የነበረውን ነው የሚጠይቀኝ፤ ሰምቼው ጨርቄን ልጥል ደረስኩ።

ስልጠናው ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ዮርዳኖስ ትእዛዝሽን ፈጽማለች፤ ማንነቴን ለማንም አልተናገረችም፣ አላቀለለችልኝምም። ትናንት በልምምዱ «እርስዎ ልጅቱን ይሁኑ፣ ሱፍዋን ያደምጥዎታል» አለችኝ። የምለው በወረቀት ተሰጥቶኛል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሱፍዋን መሬት ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ፤ አላቻኮለኝም። የተጻፈ፣ የውሸት፣ የልምምድ ቃል! አልወጣልኝም። ዮርዳኖስ «ይቀመጡ» አለችና ወደ ሌላው ሰው አለፈች።

አጠገቤ አንዲት ሴት አለች። ጸጥተኛ ናት፤ የማሳ እጅ አላት። ሙቀቱ ሲያደክመኝ ውኃዋን ታካፍለኛለች፣ «ወደ ጥላው ይጠጉ» ትለኛለች። ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፤ ዛሬ ራሷ ተናገረች። ዮርዳኖስ ጥያቄ ያለው ብላ ስትጠይቅ ተነሳች።

«እኔ እዚህ የመጣሁት ከእንግዲህ በር ላይ እኔው ልቆም ነው» አለች። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ያቺን ልጅ፣ ፈትያን፣ ከዚህ ያስወጧት የአዲስ አበባ ሰዎች ይህን ሁሉ ተምረው ነበር?»

ያኔ ገባኝ፤ እናቲቱ ናት። ዮርዳኖስ ወደ እኔ አላየችም፤ ሰሌዳውን ነው ያየችው። ዝም ብዬ ልቀመጥ እችል ነበር። በሩ ክፍት ነበር፣ ከኋላ ነበርን፣ ልወጣም እችል ነበር።

ተነሳሁ። «አንዷ እኔ ነኝ» አልኳት። «ሌላውን አስተምሬአለሁ። እኔ ግን አልተማርኩም ነበር።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ይቅርታ አልጠየቅኋት፤ እንዳልጠይቃት ነግረሽኛልና ምላሴን ነክሼ ቆምኩ። ትመታኛለች ብዬ አሰብኩ፤ ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር። አልመታችኝም። አላለቀሰችም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «እርስዎ» ነበር የምትለኝ።

«እንግዲያ ከፊት ተቀመጪ» አለችኝ።

ወንበሬን አንስቼ ሄድኩ።

ንግሥት